ለዓመታት የቆመ የቮልስ ሞተር፦ ዓይነቱን እንዴት ልለይ? ሳላበላሸውስ እንዴት ላስነሳው?

ሰማያዊ ቮልስ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከአባቴ የቀረ የቮልስዋገን ሞተር አለኝ። መኪናዋ ድሮ ተሸጣለች። ሞተሩ ግን ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር በሸራ ተጠቅልሎ እንጨት ላይ ቀረ። ለብዙ ዓመታት ማንም አልነካውም። አሁን ሞተር የሌላት የድሮ ቮልስ አግኝቻለሁ፤ ይሄንን ልገጥምላት ነው ሐሳቤ። ሌላ ሞተር መፈለግ እንደሚቀል አውቃለሁ። እኔ ግን የምፈልገው ይሄንኑ ነው።

እስካሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዲናሞው እግር ሥር፣ ክራንክኬሱ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ «ኤች» የሚል የላቲን ፊደልና ረዘም ያለ ቁጥር ተመትቷል። ካርቡራተሩ ሶሌክስ ነው፤ ጎኑ ላይ «30 ፒክት 1» ይላል። የማራገቢያው ሽፋን ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታለች። ፑሊውን በእጄ ይዤ ለማዞር ስሞክር ንቅንቅ አላለም። አላስገደድኩትም።

ስንት ሲሲ ነው? ከየትስ ልጀምር?

ቶሎ ቶሎ

ካንዴላዎቹን አውጪ፣ ትንሽ ዘይት ጨምሪበት፣ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር አጋጥሚና በሞተሪኖ (በማስነሻው) ምቺው። የቮልስ ሞተር በቀላሉ አይሞትም። እንዲህ ተደርጎ የተነሳ ብዙ አይቻለሁ።

ባለ 13 ቁልፍ

ልጄ፣ ሞተሪኖውን ለጊዜው እርሺው። ወንድማችን የሚለው የሚሠራው ሞተሩ በእጅ እየዞረ ከሆነ ነው። ያንቺ አይዞርም። የማይዞርበትን ምክንያት ደግሞ ገና አላወቅነውም።

የቆመ ሞተር የሚያዘው በብዙ ነገር ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከካሚቻው (ፒስተኑ ከሚመላለስበት ሲሊንደር) ጋር በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ቫልቭ ተከፍቶ እዚያው ደርቆ ሊሆን ይችላል። አይጥ ካለች ደግሞ በካርቡራተር ወይም በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) በኩል የገባ ጭድና ፍሬ ሲሊንደር ውስጥ ይገኛል። ሞተሪኖ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጫፍ ያለውን ባለ ጥርስ ከባድ ክብ ብረት) በጥርሱ ይዞ ሲያዞር ጉልበቱ ከባድ ነው። ፋሻ ይሰብራል፣ ፑሽ ሮድ (ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ) ያጣምማል፣ የተከፈተውን ቫልቭ ከፒስተን ጋር ያጋጫል። እጅሽ ቢሆን «እዚህ ጋ ያዘኝ» ብሎ ያቆማል። ሞተሪኖ ያንን አይሰማም።

ስለዚህ መጀመሪያ እዪ። የማራገቢያውን ሽፋንና ቆርቆሮዎቹን በሙሉ አውርጂ፣ ጎጆውን አጽጂ። ይሄ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በካሚቻዎቹ ክንፎች መካከል የተወተፈ ጭድ ካለ፣ ብታስነሺውም ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል። ቆርቆሮዎቹን ግን እንዳትጥያቸው። ሁሉም አየሩን ወደ ቦታው የሚመሩ ናቸው፤ ለጌጥ የተቀመጠ አንድም የለም።

ቦክሰር

የጋሼን ምክር ያዢ። እኔ ስለ መለየቱ ልጻፍ፤ ይሄ ርዕስ ልቤን ይወስደዋል።

ፊደሉ መነሻ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ቮልስዋገን ቁጥሩ ፊት ፊደል ያስቀምጥ ነበር። «ዲ» 1200 ነው። «ኤፍ» 1300 ነው። «ኤች» 1500 ነው። «ቢ» 1600 ሆኖ በእያንዳንዱ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ራስ) አንድ የመግቢያ ቀዳዳ ያለው ነው። «ኤ ዲ» ደግሞ 1600 ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ሌሎችም ፊደሎች አሉ፤ በብዛት የሚያጋጥሙት ግን እነዚህ ናቸው። በዚህ ከሄድን ያንቺ 1500 ነው። 30 ፒክት 1 ካርቡራተርም ከ1500 ጋር ይሄዳል።

ግን እዚህ ላይ አትቁሚ። ቁጥሩ የተመታው ክራንክኬሱ ላይ ነው። የሚናገረውም ስለ ክራንክኬሱ ብቻ ነው፤ ውስጡ ስላለው ነገር ምንም አይልም። እነዚህ ሞተሮች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈቱና ሲገጠሙ የኖሩ ናቸው። ካሚቻው ይቀየራል፣ ቴስታታው ይቀየራል፣ ካርቡራተሩ ከሌላ ይመጣል። ስለዚህ ፊደሉን አምነሽ ዕቃ እንዳትገዢ። ሞተሩን ራሱን ለኪው።

ልኮቹ እነዚህ ናቸው። 1200 የካሚቻው ስፋት 77 ሚሜ፣ የፒስተኑ ምላሽ (የሚመላለስበት ርቀት) 64 ሚሜ። 1300 ስፋቱ ያው 77 ሆኖ ምላሹ 69 ነው። 1500 ስፋቱ 83፣ ምላሹ 69። 1600 ስፋቱ 85.5፣ ምላሹ 69። እንደምታዪው ሦስቱ ትልልቆቹ አንድ ዓይነት ምላሽ አላቸው። ልዩነቱ ያለው ስፋቱ ላይ ነው። በካንዴላ ቀዳዳ ሽቦ እያስገቡ መለካት እዚህ ብዙም አይረዳም፤ ቀዳዳው ሰያፍ ስለሆነ ልኩ ይዛባል፣ ስፋቱንም አያሳይም።

ሳትፈቺ ልታዪአቸው የምትችያቸው ነገሮችም አሉ። ከካርቡራተሩ ወደ እያንዳንዱ ቴስታታ የሚሄደው ቱቦ ጫፉ ላይ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ባለ ሁለቱ የመጣው ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ነው የቆመው ወይስ ወደ ኋላ ወጥቶ የራሱ ቤት ተሠርቶለታል? ወደ ኋላ የወጣውም የ1971 ለውጥ ነው። በመጨረሻ የቮላኖውን ጥርስ ቁጠሪ። 109 ከሆነ የ6 ቮልት ነው፤ 130 ከሆነ የ12 ቮልት። ይሄን ሳያውቁ ከካምቢዮው ጋር ማጋጠም ጣጣ አለው፤ ቮላኖውና ሞተሪኖው ካልተስማሙ ጥርስ ይበላላሉ።

ሰማያዊ ቮልስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥርሱን በጠመኔ ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት፤ 130 ነው። በእያንዳንዱ ቴስታታ አንድ ቱቦ ነው የሚገባው። የዘይት ማቀዝቀዣው ሽፋኑ ውስጥ ነው ያለው። ቆርቆሮዎቹን በሙሉ አውርጃለሁ፤ በግራ በኩል ክንፎቹ መሐል የተጠቀጠቀ ጭድ ነበር። አሁን ንጹሕ ነው።

አሁንም አይዞርም።

ዝገት አዳኝ

እንግዲህ ማስለቀቁ ላይ ደረስሽ። በቮልስ ላይ ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ። ሲሊንደሮቹ የተኙ ናቸው። በካንዴላ ቀዳዳ ዘይት ስትጨምሪ ዘይቱ ታችኛው ግድግዳ ላይ ይተኛል። ላይኛው ግማሽ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ «ብዙ ጠበቅኩ፣ አልለቀቀም» ይባላል። የተጣበቀው ክፍል እኮ ዘይት ነክቶት አያውቅም።

ሞተሩ መኪና ላይ ባለመሆኑ ዕድለኛ ነሽ። በጎኑ አስተኚው፤ ማለትም የአንዱ ወገን ሁለት ካንዴላዎች ወደ ሰማይ ይዩ። ሰው ያግዝሽ፣ ከባድ ነው። ከሥሩ ጎማ ወይም ወፍራም እንጨት አድርጊ። በዚህ አቋም የምትጨምሪው ፈሳሽ ፒስተኑ አናት ላይ ዙሪያውን ይተኛና በፋሻው በኩል እየሰረገ ይወርዳል። ጊዜ ስጪው። ከዚያ ገልብጠሽ ሌላኛውን ወገን እንደዚሁ።

ፈሳሹን በተመለከተ ዝገት ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ይሠራል። ብዙ ሰው የሚወደው ግን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ነው። አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ትነቱም ለሳንባ መጥፎ ነው። ከቤት ውጭ ሥሪ፣ ሲጋራም ብልጭታም አጠገቡ አይኑር። ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ ከመጨመርሽ በፊት በደንብ በጥብጪው።

ለማዞር ስትሞክሪ ቮላኖውን በረጅም ብረት ያዢ። የዲናሞውን ዳዶ አትንኪ፤ ቺንጋው ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩን አያዞርልሽም። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻም አትግፊ። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ። የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ አሸንፈሻል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ባለ 13 ቁልፍ

ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይቅደም። ከማዞርሽ በፊት የቫልቭ ክዳኖቹን ክፈቺ። በሽቦ መያዣ ነው የተያዙት፣ በካቻቪቴ ወደ ታች ብትገፊው ይለቃል። ውስጥ ሮከሮቹን (ቫልቮቹን የሚገፉትን) የያዘውን ዘንግ ታያለሽ። በሁለት ዳዶ ነው የታሰረው፣ ቁልፉ 13 ነው። በየተራ ትንሽ ትንሽ እያላላሽ አውጪው።

ሮከር ከወጣ ቫልቭን የሚገፋ ነገር የለም። ሁሉም በስፕሪንጋቸው ተመልሰው መዘጋት አለባቸው። ያልተዘጋ ካለ የደረቀው እሱ ነው። ጫፋቸውን አይተሽ አስተያዪ፤ አንዱ ከሌሎቹ ጠልቆ ከቀረ ተገኘ። እንደዚያ ከሆነ ሞተሩን ጭራሽ አታዙሪ።

ቶሎ ቶሎ

አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ሁሉ ከሆነ ለምን ዝም ብላ ቴስታታዎቹን አታወርድም? ሞተሩ መሬት ላይ ነው ያለው። ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስፋቱንም ትለካለች፣ ዝገቱንም በዓይኗ ታየዋለች፣ ቫልቩንም ታገኘዋለች።

ባለ 13 ቁልፍ

እውነትህን ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ላስጠነቅቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ክራንክኬሱ ማግኒዥየም ነው፤ ቀላልና ለስላሳ ብረት። ቴስታታውን የያዙት ረጃጅም ቡሎኖች እዚያ ውስጥ ነው የተጠመዱት። የዛገ ዳዶ በጉልበት ሲፈታ ቡሎኑ አብሮ ይዞርና ከክራንክኬሱ ጥርስ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በየዳዶው ላይ ማስለቀቂያ ጨምራ ታሳድር። በእያንዳንዱ ቴስታታ ስምንት ዳዶ አለ። ከውጭ ጀምራ ወደ መሐል፣ በየተራ፣ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር ታላላ። ካሚቻው ከቴስታታው ጋር ተጣብቆ አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብላ ታስለቅቀው።

ማጠቢያም ልናገር። ቴስታታውንም ፒስተኑንም ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ነገር እንዳታጥቢያቸው። ሁለቱም አሉሚኒየም ናቸው፤ ኮስቲክ አሉሚኒየም ይበላል። ነጭ ጋዝና ብሩሽ ይበቃል።

ሰማያዊ ቮልስ

ወጣ! በሁለት ፎቶ ፋንታ በቃል ልንገራችሁ።

ሮከሮቹን ሳወጣ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቷል። ጋሼ እንዳሉት ሞተሩን አላዞርኩትም። ቴስታታዎቹን አወረድኩ፤ ሁሉም ዳዶ በሰላም ተፈታ። ሦስተኛው ካሚቻ ውስጥ ግማሽ ቀለበት የሚመስል ጥልቅ ዝገት አለ። ጣት ሲነካው ጉድጓዱ ይታወቃል። ሌሎቹ ሦስቱ ጥሩ ናቸው፤ የመፍጫ መስመራቸው ሳይቀር ይታያል። ሦስተኛውን ካሚቻ አስነክሬ፣ በእንጨት መታ መታ አድርጌ ሳወጣው ሞተሩ በእጅ መዞር ጀመረ።

አሁን ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ስፋቱን በካሊፐር ለካሁት። 85.5 ነው። አራቱም።

ቦክሰር

ይሄውልሽ! ስሌቱን አብረን እንሥራው። ስፋቱ 8.55 ሴንቲሜትር ነው። ራሱን በራሱ አባዢው፣ 73.1 ይመጣል። በ0.7854 ስታባዢው 57.4 ይሆናል። በምላሹ በ6.9 እና በአራት ሲሊንደር ስታባዢው 1584 ሲሲ። ማለትም 1600 የሚባለው። ክራንክኬሱ «1500 ነኝ» ይላል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን 1600 ነው።

የሆነው ነገር ግልጽ ነው። የ85.5 ካሚቻ የ83ቱ ቦታ ላይ ክራንክኬሱም ቴስታታውም ሳይፋቅ ይገባል። አንድ ጊዜ ሞተሩ ሲታደስ ያደሰው ሰው ትልቁን ገጥሞለታል። በጣም የተለመደ ሥራ ነው፤ መጥፎም አይደለም። «ኤች»ን አምነሽ የ83 ፋሻ አዝዘሽ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ከንቱ ይቀር ነበር።

ሁለት ነገር ልብ በይ። የ1500 ሞተር የመጭመቂያ ልኩ 7.5 ለ 1 ነው። ስፋቱ ጨምሮ የቴስታታው ጎድጓዳ ቦታ ካልተነካ ወደ 7.9 ይጠጋል። ለዛሬ ቤንዚን ችግር አይሆንም፤ ታይሚንጉን (እሳቱ የሚሰጥበትን ጊዜ) ግን አብዝተሽ እንዳታስቀድሚው። ሁለተኛው፣ ካርቡራተሩ ለ1500 የተስተካከለ ስለሆነ ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑን የሚለካው ቀዳዳ) ለ1600 ሊያንስ ይችላል። ከተነሳ በኋላ የካንዴላው ቀለም ይነግርሻል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል።

ባለ 13 ቁልፍ

ሦስተኛው ሲሊንደር መሆኑ አልገረመኝም። ሞተሩ የቆመው ያ ቫልቭ ተከፍቶ ሳለ ነው። ስለዚህ እርጥበት በማርሚታው በኩል ዓመቱን ሙሉ ሲገባ ኖሯል። የሌሎቹ የጭስ ማውጫ ቫልቮች ተዘግተው ስለቆሙ ተረፉ። ማንኛውንም ሞተር ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጥ ሰው የካርቡራተሩንም የማርሚታውንም አፍ ቢደፍን ይሄ አይመጣም።

በዚያ ላይ ሦስተኛው ሲሊንደር በነዚህ ሞተሮች ላይ ድሮም ተጎጂ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ሽፋኑ ውስጥ ከሆነ የሚቆመው ከሱ በላይ ነው። የሚደርሰው አየር ያነሰና የሞቀ ይሆናል። የ1971ዱ ለውጥም የመጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን እንደገና አትፍጪያቸው፤ አራቱንም በአዲስ ቀይሪ። የጋለ ቫልቭ አንገቱ ይደክማል። ራሱ ተቆርጦ ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ይሄዳል። የመግቢያዎቹን ቫልቮች ግን አስተካክለሽ ልትጠቀሚባቸው ትችያለሽ። ቴስታታው በካንዴላው ቀዳዳና በቫልቩ መቀመጫ መካከል እንዳልተሰነጠቀ በደንብ አጥበሽ እዪ።

ካሚቻውን በተመለከተ፣ ጣት የሚያውቀው ጉድጓድ በመፋቅ አይድንም። በቮልስ ካሚቻና ፒስተን አብረው በአራት ነው የሚመጡት። አንዱን ብቻ ከሌላ ቦታ ፈልጎ መግጠም የክብደት ልዩነት ያመጣል። ሙሉ ስብስቡን ቀይሪው።

አሁን ትልቁ ጥያቄ ይቀራል። ክራንክኬሱን እንክፈተው ወይስ አንክፈተው? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይፈርዳል።

አንደኛው ከሥር ያለው የዘይት ማጣሪያ ወንፊት ነው። ይሄ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ወንፊት ብቻ ነው። ክዳኑ በስድስት ትንንሽ ዳዶ ተይዟል። ያገኘሽውን ዝቃጭ ነጭ ወረቀት ላይ አፍሰሽ በፀሐይ እዪው። ማግኔት አስጠጊበት። ማግኔት የሚያነሳው ብረት ነው፤ ከማርሽ ወይም ከካም ይመጣል። ማግኔት የማያነሳው የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ከብሮንዝ (ዋናው ዘንግ ከሚዞርበት መቀመጫ) ነው። ጥቁር ጭቃ ብቻ ከሆነ ዘይት ነው፤ አያስፈራም።

ሁለተኛው የክራንክ ሻፍቱ (የዋናው ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ነው። ቮላኖው ላይ ዳያል መለኪያ አስቀምጪ፣ ፑሊውን ግፊና ሳቢ። ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሜ ትክክል ነው። 0.15 ካለፈ ትኩረት ይፈልጋል። በእጅሽ «ቋ» ብሎ ከተሰማሽ ግን መለኪያም አያሻም፤ ክራንክኬሱ ይከፈታል።

ሰማያዊ ቮልስ

ወንፊቱ ላይ ጥቁር ጭቃ ብቻ ነው ያለው። ማግኔቱ ምንም አላነሳም፤ በፀሐይም የሚያብለጨልጭ ነገር አላየሁም። የክራንክ ሻፍቱ እንቅስቃሴ 0.11 ሚሜ ነው። ቢየላዎቹን (ፒስተኖቹን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኙትን) ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ስስባቸው ክፍተት አይሰማኝም።

ባለ 13 ቁልፍ

አትክፈቺው። ጤነኛ ነው። ክራንክኬስን ያለ ምክንያት ከፍቶ እንደገና መዝጋት አዲስ የዘይት መፍሰሻ መፍጠር ነው። የወንፊቱን ክዳን ስትመልሺ ግን አደራ፣ ጥብቀቱ 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ሰው «እንዳይፈስ» ብሎ በጉልበት ያጠብቀዋል፤ ክዳኑ ይጣመምና የሚፈሰው ያኔ ነው።

ስትገጥሚ የፒስተኑ ቀስት ወደ ቮላኖው ያመልክት። የፋሻዎቹ አፍ በአንድ መስመር አይሁን። የቴስታታው ዳዶዎች መጀመሪያ በ10 ኒውተን ሜትር ዙሪያውን ይያዙ። ከዚያ ቡሎኖቹ ባለ 10 ሚሜ ከሆኑ እስከ 31፣ ባለ 8 ሚሜ ከሆኑ እስከ 25 ብቻ። የቶርክ ቁልፍ ከሌለሽ ተዋሺ፤ ይሄ በግምት የሚሠራ አይደለም።

ካንዴላ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የእሳቱንና የቤንዚኑን ነገር ለእኔ ተዉት።

ዲስትሪቢውተሩን ክፈቺ። ፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው) ለዓመታት ከቆመ ፊቱ ላይ ነጭ ሽፋን ይይዛል፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። «ኮይሉ ሞቷል» እየተባለ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በአዲስ ቀይሪውና ክፍተቱን 0.4 ሚሜ አድርጊ። የካንዴላው ክፍተት 0.7 ይሁን። የእሳቱ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ ሮተሩ ወደ ቀኝ ይዞራል። አንደኛው ሲሊንደር በቀኝ በኩል ወደ ቮላኖው የተጠጋው ነው። ከኋላው በዚያው ወገን ያለው ሁለተኛ ነው። በግራ ወደ ቮላኖው የተጠጋው ሦስተኛ፣ የቀረው አራተኛ። ቀኝና ግራውን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠሽ ወደ ፊት እንደምታዪ አድርገሽ አስቢው፤ ብዙ ሰው ከኋላ ቆሞ እያየ ይገለብጠዋል።

ካርቡራተሩን ሙሉ በሙሉ ፍቺ። የቆየ ቤንዚን ይተንና እንደ ሙጫ የሚደርቅ ነገር ይተዋል። ጂግለሮቹን በማጠቢያና በአየር አጽጂያቸው። በሽቦ አትውጊያቸው፤ ቀዳዳው በልክ የተሠራ ነው፣ ትንሽ ከሰፋ ፍጆታው ይለወጣል።

አሁን የምለውን እባክሽ አትለፊው። ቤንዚን የሚገባበት የናስ ቱቦ ካርቡራተሩ ላይ ያለ ጥርስ፣ በመጠቅጠቅ ብቻ ነው የተገጠመው። ከዓመታት በኋላ ይላላል። ሞተሩ እየሠራ ከወጣ ቤንዚኑ በቀጥታ የጋለ ሞተርና ዲስትሪቢውተር ላይ ይፈሳል። ብዙ ቮልሶች በእሳት ያለቁት በዚህ ነው። በጣትሽ ያዢና ጠምዝዢው። ከተንቀሳቀሰ አስተካክዪው። የቤንዚን ጎማዎቹን በሙሉ፣ ከታንከሩ እስከ ካርቡራተሩ፣ በአዲስ ቀይሪ። መልካቸው ደህና ቢመስልም ቀይሪ። እሳት ማጥፊያም አጠገብሽ ይኑር።

ዝገት አዳኝ

ከማስነሳትሽ በፊት የዘይቱ ነገር አለ። ለዓመታት የቆመ ፓምፕ ደረቅ ነው፤ ዘይት መሳብ አይችልም። ክዳኑን ፍቺና በማርሾቹ መሐል ቫዝሊን ሙይበት። ቫዝሊኑ አየር ስለማያሳልፍ ፓምፑ ወዲያው ይስባል፤ በኋላ በዘይቱ ይቀልጣል። ከዚያ 2 ሊትር ተኩል ዘይት ጨምሪ። ይሄ ሞተር የሚይዘው ያንን ብቻ ነው፤ ማብዛት አይረዳም።

ካንዴላ ሳይገጠም በሞተሪኖ አዙሪው። መጭመቂያ ስለሌለ ብሮንዙ ላይ ጫና የለም። የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ጠብቂ። እሱ ሳይጠፋ ካንዴላ አትግጠሚ።

ቶሎ ቶሎ

አሁን ሞተሪኖ ይፈቀዳል ማለት ነው! እኔም ከዚህ ክር ተምሬአለሁ። ዘይቱ ግን ምን ይሁን? የዛሬ ቀጭን ዘይት ይሻላል የሚሉ አሉ።

ባለ 13 ቁልፍ

ለዚህ አይሆንም። ክፍተቶቹ የተሠሩት ለወፈር ያለ ዘይት ነው። ቁጥሩ 30 የሆነ ነጠላ ዘይት ወይም 20/50 ይበቃዋል። ካም ሻፍቱና ገፊዎቹ ያለ ኩሽኔታ ፊት ለፊት የሚፋተጉ ናቸው፤ ዚንክ ያለው ዘይት ይወዳሉ። የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ አፍስሺው። ፊልትሮ ስለሌለ የታጠበው ቆሻሻ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው የሚዞረው።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሜ ይሁን። ድሮ 0.10 ይባል ነበር፤ በኋላ ፋብሪካው ራሱ ወደ 0.15 ከፍ አደረገው። ጥቂት ከሮጠ በኋላ እንደገና ለኪ። አዲስ ቫልቭ መቀመጫው ላይ ሲረጋጋ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተት ያጣ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ደግሞ ይቃጠላል።

ሰማያዊ ቮልስ

ተነሳ!!

መኪናዋ ላይ ከገጠምነው በኋላ ጋሼና ዝገት አዳኝ ባላችሁት ቅደም ተከተል ሄድኩ። ካንዴላ ሳይኖር ሳዞረው መጀመሪያ የዘይቱ መብራት አልጠፋም፤ ትንሽ አሳርፌ ስደግመው ጠፋ። የመጭመቂያ ግፊቱን ለካሁት፤ አራቱም በ7.5 እና በ8 ባር መካከል ናቸው። ካንዴላዎቹን ገጠምኩ፣ ቤንዚን እስኪደርስ ጥቂት ዞረ፣ ከዚያ ያዘ። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበት ፍጥነት) ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታይሚንጉን ወደ 7.5 ዲግሪ ካመጣሁት በኋላ ረጋ። ያንን ድምፅ ስሰማ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የካንዴላዎቹን ቀለም አይቻለሁ፤ ገረጣ ያለ ነው። ቦክሰር እንዳልከው ዋናውን ጂግለር አንድ ደረጃ ከፍ ላደርገው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። በግራ በኩል ከሥር ዘይት ይንጠባጠባል። ከአንዱ የፑሽ ሮድ ቱቦ ጫፍ ይመስለኛል። ቴስታታውን እንደገና ላውርድ?

ባለ 13 ቁልፍ

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ!

ቱቦዎቹን ስትገጥሚ የድሮዎቹን ሳትዘረጊ መልሰሻቸዋል ማለት ነው። ጫፋቸው ላይ ያለው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ክፍል በጊዜ ብዛት ይጨመቃል። ቴስታታው ሲጠብቅ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) ላይ በቂ ጫና አይፈጥርም። ከመገጠማቸው በፊት በእጅ ቀስ ተብለው ከ190 እስከ 191 ሚሜ መዘርጋት አለባቸው፤ አራቱም እኩል። የተበየደው መስመራቸው ወደ ላይ ይዞር። እዚያ ላይ ቢሰነጠቅ እንኳ ዘይት አይተኛበትም።

በመጀመሪያ ግን የቫልቭ ክዳኑ አለመሆኑን አረጋግጪ። የክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲያፈስ ዘይቱ በቱቦዎቹ ላይ ይወርድና ቱቦው ይመስላል። በደንብ ጥረጊው፣ ቱቦዎቹ ላይ የሕፃናት ዱቄት ነስንሺ፣ አስነሺና ጠብቂ። የረጠበው መስመር ከየት እንደጀመረ ዱቄቱ ያሳይሻል። ቱቦው ከሆነ የፋብሪካውን ቱቦ ለማውጣት ቴስታታው ይወርዳል። አንዳንዶች ከውጭ ማጣበቂያ ይቀቡበታል፣ አይያዝም።

ካንዴላ

ቴስታታውን ካወረድሽ አይቀር የሦስተኛውን የጭስ ማውጫ ቫልቭ መቀመጫም እዪልኝ። ዙሪያውን እኩል ግራጫ መስመር መሆን አለበት።

ሰማያዊ ቮልስ

ዱቄቱን ነሰነስኩ። ክዳኑ ደረቅ ነው፤ ከሦስተኛው ሲሊንደር ቱቦዎች ከአንዱ፣ ክራንክኬሱ በኩል ካለው ጫፍ ነው የሚጀምረው። አዲስ ጎሚኒ ይዣለሁ። ነገ ሞተሩን አወርዳለሁ፤ ቱቦዎቹን ዘርግቼ ልካቸውን እዚሁ እጽፋለሁ።